ለእጅ ጌም መጫወቻዎች የሚያገለግሉ ፍላሽ ካርትሪጆች፦ አሁን ያሉበት ሕጋዊ ሁኔታና ወደፊት የሚጠበቀው ለውጥ

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በእጅ ለሚያዙ የጌም መጫወቻዎች ስለሚሠሩ ፍላሽ ካርትሪጆች ተገልጋዮች ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች ምላሽ ለመስጠት ነው። ጥያቄው በተለይ የሚነሳው እንደ መካኒሳ ባሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ነው። መጫወቻው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ይላካል ወይም ያገለገለ ሆኖ ይገዛል፤ በተለምዶ “ካሴት” የሚባለው ኦሪጂናሉ ካርትሪጅ ግን አብሮት አይመጣም፣ ቢመጣም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሆናል። ወላጅ ልጁን ይዞ ሞባይል ወደሚጠገንበትና ዘፈንና ፊልም ወደሚጫንበት ሱቅ ሲሄድ “በመቶ የሚቆጠር ጌም ያለበት” አንድ ካርድ ይቀርብለታል። ይህ ካርድ ሕጋዊ ነው? መጫወቻውን ያበላሸዋል? ለስንት ጊዜ ያገለግላል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፦ ካርዱ ምን እንደተጫነበት፣ መጫወቻው የየትኛው ትውልድ እንደሆነ፣ እንዲሁም አገራችን ወደፊት በምትገባባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ።

ፍላሽ ካርትሪጅ ምንድን ነው?

ኦሪጂናል ካርትሪጅ አንድ ጌም በፋብሪካ የተቀረጸበትና ተጠቃሚው ሊለውጠው የማይችል ቺፕ የያዘ የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። ፍላሽ ካርትሪጅ በውጭ መልኩ ከእርሱ ጋር ይመሳሰላል፤ በውስጡ ግን ሊጻፍበትና ሊሰረዝ የሚችል ሚሞሪ ወይም የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማስገቢያ አለው። መጫወቻው ሲከፈት ካርትሪጁ ራሱን እንደ ኦሪጂናል አስመስሎ ያቀርባል፤ ከዚያም በሚሞሪው ላይ ካሉት ፋይሎች ተጠቃሚው የመረጠውን ያስነሳል።

ከእነዚህ መካከል በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ለቀረበው ኒንቴንዶ ዲኤስ የተሠራው “አር 4” ነው። የመጀመሪያው አር 4 ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ሚሞሪ አይቀበልም፤ ሱቅ ውስጥ “ሚሞሪው አልነበበም” ተብሎ ካርዱ እንደተበላሸ ከሚቆጠርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለወጣው ጌም ቦይና ለተከታዮቹ ደግሞ “ኤቨርድራይቭ” የሚባሉትና መሰሎቻቸው ይገኛሉ። የእነዚህ ዋጋ ከመጫወቻው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ገዢዎቻቸው በአብዛኛው ሰብሳቢዎችና ጌም ሠሪዎች ናቸው።

ከፍላሽ ካርትሪጅ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ዕቃም አለ። በቅርብ ዓመታት በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት የቻይና ሥሪት የእጅ መጫወቻዎች ካርትሪጅ ጨርሶ አይቀበሉም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ጌሞች አስቀድመው በተጫኑበት ሚሞሪ የሚሠሩ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ከዚህ በታች ስለ ቅጂ መብት የሚነገረው ሁሉ ለእነርሱም ያገለግላል።

አሮጌ ካርትሪጅ ለምን ምትክ ይሻል?

ፍላሽ ካርትሪጅ ለስርቆት ብቻ የሚውል ዕቃ አይደለም። ብዙ የጌም ቦይ ካርትሪጆች የተጫዋቹን ውጤት የሚያስቀምጡት በውስጣቸው በተበየደች ትንሽ ክብ ባትሪ ኃይል ነው። ባትሪዋ ከዓመታት በኋላ ስታልቅ ጌሙ ይሠራል፤ የተቀመጠው ውጤት ግን ይጠፋል። ባትሪዋ በብየዳ ሥራ ልምድ ባለው ባለሙያ ልትቀየር ትችላለች፤ በሚቀየርበት ጊዜ ግን የነበረው ውጤት ብዙውን ጊዜ ስለማይተርፍ አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሽያጭ መስመሮች መዘጋት ነው። ኒንቴንዶ የ3ዲኤስን የኢንተርኔት መደብር ለአዲስ ግዢ የዘጋው እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2023 ሲሆን፣ የኦንላይን ጨዋታ አገልግሎቱን ደግሞ በሚያዝያ 2024 አቋርጧል። በካርትሪጅ ያልታተሙና በዚያ መደብር ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞች ዛሬ ከኩባንያው በግዢ የሚገኙበት መንገድ የለም። ገንዘብ ይዞ የሚቀርብ ገዢ ሻጭ በሚያጣበት ሁኔታ “ለምን ኦሪጂናሉን አልገዛህም” ማለት ፍትሐዊ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ይህ ቅሬታ ግን ተገቢ ቢሆንም ሕጋዊ ፈቃድን አይተካም።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ለጉዳዩ መነሻ የሚሆነው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ፍላሽ ካርትሪጅን በስም አይጠቅስም። የሚመለከተው ዕቃውን ሳይሆን በዕቃው ላይ የተባዛውን ሥራ ነው። ስለዚህ ባዶ ካርትሪጅ መያዝና የሌላ ሰው ጌም የተጫነበትን ካርትሪጅ መሸጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

ብዙ ተገልጋዮች “ለራሴ ብቻ የምጠቀምበትን አንድ ቅጂ ማባዛት አይከለከልም” የሚለውን ያውቃሉ። ይህ በአንቀጽ 9 የሰፈረ እውነት ነው፤ ለመጽሐፍ ወይም ለዘፈን ይሠራል። ይኸው አንቀጽ ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከዚህ አጠቃላይ ፈቃድ ውጭ አድርጎ ወደ አንቀጽ 14 ይመራዋል። አንቀጽ 14 የሚፈቅደው ጠበብ ያለ ነገር ነው። የፕሮግራሙ ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት የሆነ ሰው አንድ ቅጂ ሊያባዛ የሚችለው ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ በኮምፒዩተር ለመጠቀም፣ ወይም በእጁ ያለው ሕጋዊ ቅጂ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን ለመተካት መጠባበቂያ ለማስቀመጥ ነው። ዋናውን መያዙ ሕጋዊነቱ ሲያበቃ፣ ለምሳሌ ሲሸጠው፣ መጠባበቂያውም መወገድ አለበት።

ይህን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ የመካኒሳ ነዋሪ ከገዛው ኦሪጂናል ካርትሪጅ ላይ ጌሙን ራሱ ገልብጦ በፍላሽ ካርትሪጅ ቢያስቀምጥና ኦሪጂናሉን መሳቢያ ውስጥ ቢያኖር፣ ሁኔታው አንቀጽ 14 ካሰበው ጋር ይቀራረባል። ያንኑ ቅጂ ለጎረቤት ልጅ ቢጭንለት ግን ከፈቃዱ ወጥቷል፤ ገንዘብ አለመቀበሉ ነገሩን አይለውጠውም። ኦሪጂናሉን ሸጦ ቅጂውን ቢያስቀርም እንደዚሁ ነው። ባለሱቁ በመቶ የሚቆጠሩ ጌሞችን ጭኖ ሲሸጥለት ደግሞ መጠባበቂያ የሚባል ነገር ከመነሻውም የለም፤ ገዢው የማናቸውም ጌም ሕጋዊ ባለቤት አልነበረምና።

በሰዓት እያስከፈሉ የሚያጫውቱ የጌም ቤቶች ባለቤቶች ሊያውቁት የሚገባው ተጨማሪ ነጥብ አለ። ከላይ የተጠቀሱት ፈቃዶች በሙሉ ለግል መገልገያ የተሰጡ ናቸው። ቅጂን ለሕዝብ መሸጥና ማከራየት የመብቱ ባለቤት የኢኮኖሚ መብቶች አካል ስለሆኑ የንግድ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ይህን መብት አያስገኝም። የተጠበቀ መብትን መጣስ ከካሣ በተጨማሪ የወንጀል ተጠያቂነትን ያስከትላል፤ የተባዙት ዕቃዎችና ለማባዛት ያገለገሉ መሣሪያዎችም ሊወረሱ ይችላሉ።

“ጌሙ አሮጌ ስለሆነ ነፃ ነው” የሚለው አባባል ስህተት ነው። የጥበቃው ዘመን በመርህ ደረጃ የሥራው አመንጪ በሕይወት ያለበትና ከሞተ በኋላ ያለው 50 ዓመት ነው። የጌም ቦይ ጌሞች ዕድሜ ገና 40 ዓመት እንኳ አልሞላም።

የውጭ አገር ጌሞች ጉዳይ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሚሠራው ሥራው በኢትዮጵያ ሕግ የተጠበቀ እስከሆነ ድረስ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 3 የተፈጻሚነት ወሰኑን ሲያስቀምጥ፣ የኢትዮጵያ ዜጎችን ወይም ዋና መኖሪያቸው በኢትዮጵያ የሆነ አመንጪዎችን ሥራ፣ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተመን ሥራ፣ በውጭ ታትሞ በ30 ቀናት ውስጥ በኢትዮጵያም የታተመን ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀን ሥራ ይዘረዝራል። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የደራሲዎችን መብት በአገሮች መካከል የሚያስከብረው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። በጃፓን ወይም በአሜሪካ ብቻ የታተመ ጌም በአገራችን ያለው ጥበቃ ለረጅም ጊዜ ደካማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጌም የሚጭኑ ሱቆች ያለ ክስ የቆዩትም ሕጉ ስላልታወቀ ብቻ አልነበረም።

ይህ ሁኔታ ግን ቋሚ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጥያቄ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ሲሆን የአባልነት ድርድሩ በቅርብ ዓመታት ተጠናክሯል። የድርጅቱ አባል የሚሆን አገር ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶችን ስምምነት ይቀበላል። ይህ ስምምነት የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች የሚያስገባ ሲሆን፣ በአንቀጽ 10 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል፤ በአንቀጽ 61 ደግሞ ሆን ተብሎ በንግድ መጠን የሚፈጸም ማባዛት በወንጀል እንዲያስጠይቅ ይጠይቃል። በአጭር አነጋገር፣ ዛሬ ጌም በመጫን ላይ ብቻ የተመሠረተ ሱቅ በዚያን ጊዜ ሕጋዊ መሠረቱ ይናዳል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መለየት አለበት። ከላይ የተጠቀሰው ስምምነት ካርትሪጁን ራሱን አይከለክልም። የቴክኒክ መቆለፊያን የሚሰብሩ መሣሪያዎችን የሚመለከተው ግዴታ የሚገኘው በሌላ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት አንቀጽ 11 ነው። ፍላሽ ካርትሪጅን ያገዱ አገሮች በአብዛኛው የተመሠረቱት በዚህ ዓይነት ሕግ ላይ ነው። የቶኪዮ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አር 4ና መሰሎቹ ወደ አገር እንዳይገቡና እንዳይሸጡ ወስኗል። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2010 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ካርትሪጁ ለሕጋዊ አገልግሎትም ሊውል መቻሉ ሻጩን ከኃላፊነት እንደማያድነው ገልጿል። በፓሪስ ግን የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሻጮቹ ፈርዶ በ2011 በይግባኝ ተሽሯል። ወደ እነዚህ አገሮች የሚጓዙ ወይም ከዚያ ዕቃ የሚያስልኩ ተገልጋዮች፣ ካርትሪጁ በእኛ አገር መሸጡ በዚያ ከተጠያቂነት እንደማያድናቸው ሊረዱ ይገባል።

በአዲሶቹ መጫወቻዎች ላይ ያለው ለውጥ

ለፍላሽ ካርትሪጅ የወደፊት ዕጣ ከሕጉ ይልቅ ፈጣን ለውጥ እያመጣ ያለው የመጫወቻው አሠራር ነው። ጌም ቦይም ሆነ ዲኤስ የገባበትን ካርትሪጅ ማንነት ለአምራቹ የሚያሳውቅበት መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ግን እያንዳንዱ ኦሪጂናል ካርትሪጅ የራሱ መለያ ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያደርጋል፤ መጫወቻው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ይህ መለያ ሊታይ ይችላል። አንድ መለያ በተመሳሳይ ጊዜ በሁለት ቦታ ከታየ አንደኛው ቅጂ መሆኑ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ስዊች 2 ለገበያ በቀረበ በሳምንታት ውስጥ፣ “ሚግ” የተባለውን ፍላሽ ካርትሪጅ የተጠቀሙ ሰዎች መጫወቻቸው ከኩባንያው የኦንላይን አገልግሎት እንደታገደ ገልጸዋል። የሚታገደው የተጠቃሚው አካውንት ሳይሆን መጫወቻው ራሱ ነው፤ ሚሞሪውን በመሰረዝም አይለቅም። ከዚያም በኋላ ያገለገለ ኦሪጂናል ካርትሪጅ በቅን ልቦና የገዛ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት መለያውን ገልብጦ ስላስቀረ ብቻ መጫወቻው የታገደበትና ማስረጃ አቅርቦ ያስለቀቀበት አጋጣሚ ተዘግቧል።

ነገሩ ለእኛ አገር ገዢ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የስዊች 2 ጌሞች በከፊል የሚሸጡት “የቁልፍ ካርድ” በሚባል መልክ ነው። ካርዱ ጌሙን አልያዘም፤ ጌሙን ከኢንተርኔት ለማውረድ ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። የታገደ መጫወቻ ማውረድ ስለማይችል እንዲህ ያለው ካርድ ለእርሱ ጥቅም አይኖረውም። ማስረጃ ይዞ ከኩባንያው ጋር መጻጻፍም ቶኪዮ ወይም ለንደን ለሚኖር ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ መጫወቻውን ያለ ደረሰኝ ከመንገድ ዳር ለገዛ ሰው ግን የማይቻል ያህል ነው።

ካርትሪጆቹ ራሳቸውም ሁልጊዜ የሚታመኑ አይደሉም። በአር 4 ስም ከሚሸጡት አስመሳዮች መካከል አንዳንዶቹ ከተወሰነ ቀን በኋላ መሥራት እንዲያቆሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከዓመታት በኋላ “አዲስ ይግዙ” የሚል መልእክት ያወጣሉ፤ የመጫወቻው ቀን ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ አንዳንዶቹ እንደገና ይሠራሉ። ከዚህ የከፋውም ደርሷል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ “ጌትዌይ” የተባለው የ3ዲኤስ ካርትሪጅ አምራች አስመሳዮቹን ለመቅጣት በሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባው ትእዛዝ የተጠቃሚዎችን መጫወቻ ከጥቅም ውጭ አድርጓል። የሌላውን ሥራ በማስመሰል የሚተዳደር አምራች ተመስሎ ሲሠራበት የወሰደው እርምጃ ይህ መሆኑ ልብ ይሏል።

የራሳቸውን ጌም ለሚሠሩ

ፍላሽ ካርትሪጅ ምንም ጥያቄ የማይነሳበት አንድ አገልግሎት አለው፤ እርሱም ተጠቃሚው ራሱ የሠራውን ጌም በእውነተኛ መጫወቻ ላይ መሞከር ነው። “ኩኩሉ” እና “ገበታ” የተባሉትን የሞባይል ጌሞች ያቀረበው ቅኔ የተባለው አገር በቀል ድርጅት እንዳሳየው፣ ከአገር ባህል የተነሳ ጌም መሥራት የሚቻል ነገር ነው። ለጀማሪ ደግሞ የጌም ቦይ ዓይነት ጠባብ ማሽን ጥሩ መማሪያ ይሆናል። ለዚህ የሚሆኑ ነፃ ሶፍትዌሮች በኢንተርኔት ይገኛሉ።

ጥበቱን በፊደላችን ማየት ይቻላል። የጌም ቦይ ስክሪን በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች አሉት፤ ምስሉም እያንዳንዳቸው 8 በ8 ነጥብ ከሆኑ ካሬዎች ይገነባል። ለአንድ የስክሪን ዳራ በአንድ ጊዜ ማዘጋጀት የሚቻለው 256 ልዩ ካሬዎችን ነው። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ሥርዓታቸው 231 ስለሚሆኑ ለሥዕሉ የሚተርፉት 25 ብቻ ናቸው፤ ያውም “ጨ”ን ወይም “ጰ”ን በ8 ነጥብ ስፋት ውስጥ ለማስገባት የቻለ ሰው ካለ ነው። መፍትሔው በአንድ ገጽ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ መጫን ነው። ይህን የመሰለ ስሌት በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የተስተካከለ መስሎ በመጫወቻው ላይ ሊበላሽ ስለሚችል በፍላሽ ካርትሪጅ መፈተኑ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ ዜጋ የተሠራ ጌም በአዋጅ 410/1996 ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይጠበቃል፤ ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ሲያገኝ እንጂ ሲመዘገብ አይደለም። ሆኖም ክርክር ቢነሳ ለማስረጃነት ስለሚረዳ ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይመከራል። የመካኒሳ ወጣት የሠራውን ጌም ያለ ፈቃዱ የሚጭን ሱቅ ዛሬውኑ፣ ማንኛውንም ዓለም አቀፍ ስምምነት ሳይጠብቅ፣ ተጠያቂ ነው።

ሲገዙና ቅሬታ ሲኖርዎት

መጫወቻ ሲገዙ በቅድሚያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መደብሩን መክፈት መቻሉን በሱቁ ውስጥ ያረጋግጡ፤ የታገደ መጫወቻ ከውጭ ሲታይ ከሌላው አይለይም። አዲስ በሆኑት ስዊችና ስዊች 2 ላይ ፍላሽ ካርትሪጅ እንዳያስገቡ እንመክራለን። በአሮጌ መጫወቻዎች ላይ የሚጠቀሙ ከሆነ ሚሞሪውን በየጊዜው ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጡ፤ ርካሽ ሚሞሪዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ይበላሻሉ። ኦሪጂናል ካርትሪጅ ካለዎት ቅጂ ቢያዘጋጁለትም አይጣሉት፣ አይሽጡት፤ የቅጂዎ ሕጋዊ መሠረት እርሱ ነው።

በማንኛውም ግዢ ደረሰኝ ይጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። “ኦሪጂናል ነው” ተብሎ የተሸጠ አስመሳይ ካርትሪጅ፣ ወይም “ይሠራል” ተብሎ የተሸጠ የታገደ መጫወቻ ሲያጋጥምዎት በመጀመሪያ ለሻጩ ያመልክቱ። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኙንና ዕቃውን ይዘው በወረዳዎ ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቅረቡ፤ የመካኒሳ ነዋሪዎች ቀጥሎ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ ሊያቀርቡ ይችላሉ። የቅጂ መብትን የሚመለከቱ ጥያቄዎችና የምዝገባ ማመልከቻዎች የሚቀርቡት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ በመጫወቻ ኩባንያዎች የተጣለ እገዳን የማንሳት ሥልጣን የለውም፤ ይህን የሚመለከት ጥያቄ በቀጥታ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት መቅረብ ይኖርበታል።